ከጥቆማ ወደ ምስክርነት
ዝርፊያን፣ ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያንና ዕፅን በመከላከል ረገድ የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

(ቀድሞ በሰሜን ሸዋ በዐቃቤ ሕግነት ያገለገሉ የሕግ ባለሙያ በደብረ ብርሃን ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ያቀረቡት ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የተደራጀ ዝርፊያን፣ ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያንና አደንዛዥ ዕፅን ለመከላከል የሚደረገው ሕግ የማስከበር ጥረት» የሚል ነው። ሦስቱን በአንድ ገመድ አሥሮ መጥራት በስብሰባ መድረክ የተለመደ ነው። በሥራ ላይ ግን ሦስቱ በርግጥ የሚገናኙት በአንድ ቦታ ነው፤ እርሱም ምስክር የሚጠፋበት ቦታ ነው። ፖሊስ ይይዛል፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል፣ ዳኛ በችሎት ይሰየማል፤ ያየው ሰው ግን አይመጣም። ስለዚህ ዛሬ ከምናገረው የሚበዛው ስለ ፖሊስ ሳይሆን ስለ ምስክር ነው። ምስክሩ ደግሞ የእናንተ ምእመን ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ድንበር ላብጅ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ስላለው የትጥቅ ግጭት አልናገርም፤ እርሱ ሌላ መድረክ አለው። የምናገረው ከግጭቱ በፊትም ስለ ነበረው፣ ግጭቱ ቢበርድም በራሱ ጊዜ ስለማይጠፋው ነገር ነው፤ ከገበያ የሚመለሰውን ነጋዴ መንገድ ላይ ጠብቆ ስለሚዘርፈው፣ ሰው አግቶ ገንዘብ ስለሚጠይቀው፣ በከተማ ጉራንጉር ለተማሪ ዕፅ ስለሚያቀብለው ሰው።

በእጄ ካለፉት መዛግብት አንዱን ላንሣ። ስምም ቀበሌም አልጠራም። አንድ የከብት ነጋዴ ከገበያ ሲመለስ አራት ሰዎች ከቁልቁለቱ ላይ ጠብቀው፣ ጠመንጃ ደግነው፣ የያዘውን ገንዘብ ወሰዱበት። ከኋላው ይመጡ የነበሩ ሦስት ገበሬዎች ድርጊቱን አይተዋል፤ ከዘራፊዎቹም ሁለቱን ለይተው ያውቋቸዋል፤ የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸውና። የቀበሌው ፖሊስ በማግሥቱ ደረሰ። ሦስቱም ቃላቸውን ሰጡ፣ ፈረሙ። ሁለቱ ተጠርጣሪዎች ተያዙ፣ ክስም ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ተላከ። የተወሰደው ገንዘብ ግማሹ ተመለሰ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ «ይህ ነገር ከዚህ ይብቃ» ተባለ። በቀጠሮው ቀን ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ብቻ መጣ፤ እርሱም «መሽቶ ነበር፣ መልካቸውን አላየሁም» አለ። ተከሳሾቹ በነጻ ተሰናበቱ። ዓመት ሳይሞላ በዚያው ቁልቁለት ሌላ ነጋዴ ተዘረፈ። ሁለተኛው ነጋዴ ገንዘቤን አልሰጥም ብሎ ታገለ፤ ተገደለም።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። ጠብ እንዳይሰፋ፣ ደም እንዳይፈስ አስበው በቅንነት ደክመዋል። ያላስተዋሉት አንድ የሕግ ነጥብ ነው። ስድብ፣ የእጅ እልፊትና እነዚህን የመሰሉ ቀላል ጉዳዮች ተበዳዩ አቤት ሲል ብቻ የሚያስከስሱ ስለሆኑ በእርቅ ሊያበቁ ይችላሉ። ውንብድና ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 670 እና 671 የሚቀጣው ይህ ወንጀል ተበዳዩ ይቅር ቢልም ክሱ ይቀጥላል፤ ምክንያቱም የተደፈረው የአንድ ነጋዴ ኪስ ብቻ ሳይሆን ሁሉም የሚሄድበት መንገድ ነው። ሽማግሌ ስለ ካሳው መነጋገር ይችላል፤ የሁለት ቤተ ሰብ ቂም እንዲበርድ መድከም ይችላል፤ ይህም ትልቅ ሥራ ነው። ምስክርን ከችሎት ማስቀረት ግን የሽምግልና ሥራ አይደለም። ከሽማግሌዎቹ መካከል ካህን ሲኖርበት ደግሞ ነገሩ ይብስ ይከብዳል፤ ምስክሩ «አባም ተዉት ብለዋል» ብሎ ኅሊናውን ያሳርፋልና።

ምስክር የሚጠፋው ሕዝባችን ስለ እውነት ግድ ስለሌለው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። የቀድሞዎቹ ሰዎች ችግሩን በሚገባ ያውቁት ነበር። በሸዋ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውን ሥርዓት በዕድሜ የገፋችሁ አባቶች ታስታውሱታላችሁ። ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት በምሥጢር ይነግራቸዋል፤ በጉባኤው ፊት የነገራቸው ሰው ማን እንደሆነ አይገለጥም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል እንጂ። ወፏ የምስክሩ መሸሸጊያ ነበረች።

ሥርዓቱን ለማወደስ አይደለም የማነሣው። ገበሬውን በእርሻ ወራት ለቀናት ሜዳ ላይ ያውለው ነበር፤ ወንጀለኛው ሳይገኝ ሲቀር ንጹሑ ከጥፋተኛው ጋር ዕዳ ይከፍል ነበር፤ ቂም ያለውም ሰው ወፏን ለጠላቱ ሊልካት ይችል ነበር። ከዚህ የከፋም ነበረ፤ ሌባሻይ የሚባለው። ለአንድ ብላቴና አእምሮ የሚያስት መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ዕፅን በልጅ አንጀት አፍስሶ ፍትሕ መፈለግ ማለት ይህ ነበር። ይህ ልማድ መቅረቱ በጎ ሆነ።

ቢሆንም በወፏ ውስጥ አንድ ማስተዋል አለ፤ የተናገረ ሰው ተመልሶ ከዘራፊው ጋር በአንድ ወንዝ ውኃ እንደሚቀዳ ታውቃለች። የዛሬው ፍርድ ቤት ወፍ አይሰማም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይ፣ የመሰከሩበትንም ሰዎች እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል፤ ሊሰጠውም ይገባል፤ በሐሰት የሚመሰክር ሰው እንዳለ እኔም በሥራዬ አይቻለሁና። ስለዚህ ዛሬ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉን። አንደኛው ጥቆማ ነው፤ ይህ በምሥጢር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምስክርነት ነው፤ ይህ በግልጽ መሆን አለበት። በየአጥቢያው የማየው ችግር ሁለቱ መደባለቃቸው ነው። ሰው «ለፖሊስ ብናገር ችሎት ያቆሙኛል» ብሎ ጥቆማውንም ይተወዋል።

በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተዘረጋው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አሠራር የተዘጋጀው ለዚህ ነበር። በቀበሌው የሚመደበው ፖሊስ የአካባቢውን ሰው በስም እንዲያውቅ፣ ሰውም ጣቢያ ሳይሄድ እንዲያነጋግረው ታስቦ ነው። በጎ ጥቆማ ምስክርን እስከ መተካት ይደርሳል። የተዘረፈው ዕቃ የት እንደተደበቀ ፖሊስ በጊዜ ከሰማ፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ይበረብራል፤ ዕቃው ሲገኝ ኤግዚቢት ይሆናል። ኤግዚቢት ደግሞ ሽማግሌ አይላክበትም፤ «መሽቶ ነበር» አይልም። ጥቆማው የዘገየ እንደሆነ ግን ከብቱ ይታረዳል፣ ገንዘቡ ይበላል፣ የሚቀረው የሰው ዓይን ብቻ ይሆናል።

የሰው ዓይን ብቻ በቀረ ጊዜስ? ስለዚህ የወጣ ሕግ አለ፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ይባላል። አዋጁ ለከባድ ወንጀሎች የተጻፈ ነው፤ ማንነትን ከመሰወር ጀምሮ መኖሪያን እስከ ማዛወር የሚደርሱ ጥበቃዎችን ይዘረዝራል። እውነቱን ለመናገር ግን በጎረቤላ ወይም በአሊዩ አምባ ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ መሬቱንና በሬውን ትቶ ሌላ አገር ሂድ ማለት ጥበቃ አይሆንም፤ ስደት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ጥበቃው ብቻውን አለመቅረቱ ነው። ዘራፊዎች የሚያስፈራሩት ተነጥሎ የቀረውን ነው። ከቤቱ እስከ ችሎት፣ ከችሎትም እስከ ቤቱ ሁለት የሰበካ ጉባኤ አባላት አብረውት ሲሄዱ ያየ ዘራፊ፣ አንዱን ምስክር ቢነካ የሚጣላው ከማን ጋር እንደሆነ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ለካህናት አባቶች የተለየ ቃል አለኝ። የንስሐ አባት በንስሐ የሰማውን ለማንም አይናገርም። ይህን ሥርዓት ለመንካት የሚደፍር ፖሊስ ቢመጣ «አይሆንም» ማለት መብታችሁም ግዴታችሁም ነው፤ የወንጀል ሕጉም በሙያቸው ያወቁትን ምሥጢር መጠበቅ ካለባቸው ሰዎች መካከል የሃይማኖት አባቶችን ይቆጥራል። ምሥጢሩን መጠበቅ ግን ንስሐ ገቢውን ባለበት ከመተው ጋር አንድ አይደለም። የዘረፈው ሰው ገንዘቡን እንዲመልስ፣ እጁንም እንዲሰጥ የሚመክረው ከንስሐ አባቱ ሌላ ማን አለ? ቀኖና ሲሰጠው ስግደትና ጾም ብቻ ሳይሆን «ሄደህ ቃልህን ስጥ» የሚለውም ሊታሰብ ይችላል። ይህን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

በግዝት ረገድ የእኔ አስተያየት ከብዙዎቻችሁ ሳይለይ አይቀርም። ዕቃ የጠፋበት ሰው መጥቶ «አባ፣ ገዝቱልኝ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ግዝት በኅሊናው ፈሪሃ እግዚአብሔር ላለበት ሰው ይሠራል፤ የሰረቀውን ሌሊት አምጥቶ በደጃፍ የሚጥል አለ። ጠመንጃ ይዞ መንገድ የሚዘጋው ግን በግዝት አይመለስም። ከተገዘተ በኋላ በዚያ ሰሞን አንዱ ቢታመም ወይም ከብቱ ቢሞትበት ደግሞ መንደሩ «ሌባው እርሱ ነው» ብሎ ይፈርድበታል፤ ይኸውም ከሌባሻይ ብዙ አይርቅም። ግዝትን ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አቆዩት፤ የፖሊስን ሥራ አትደርቡበት።

ወደ ጠመንጃ ልምጣ። ይህ ለሰሜን ሸዋ ሰው ከባድ ነገር ነው፤ ጠመንጃ እዚህ የወንጀለኛ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የአባት ውርስ ነው፣ የሰርግ ጌጥ ነው፣ በቆላው ወገን የከብት አጥር ነው። ታሪኩም ረጅም ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ሲዋዋሉ ወደ ሸዋ ከመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃና መድፍ ነበረበት። በምኒልክ ዘመን ነጋዴዎች ከታጁራ በረሃውን አቋርጠው በግመል የሚያመጡት መሣሪያ ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር፤ በኋላ በቅኔው ዓለም ያወቀው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ አስጭኖ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ውጅግራ የምንለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃውን በግምጃ ቤት አስቀምጠው፣ ዘመቻ ሲሆን ለታመኑ ሰዎቻቸው ያድሉ፣ ሲመለሱም ይሰበስቡ ነበር። የተቆጠረ ጠመንጃ ነበር ማለት ነው። ጠመንጃን መቁጠር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ ሲወራ ስሰማ አንኮበርን አስባለሁ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፣ ፈቃድ የሚሰጥበትንም መንገድ ያበጃል። ገበሬው አዋጁን የሚሸሸው «አስመዘገብሁ ማለት ነገ ይነጥቁኛል ማለት ነው» ብሎ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቤቱን ትቶ የሸሸ ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። ስለዚህ ከመቅደስ ደጃፍ ቆማችሁ «መሣሪያችሁን አስረክቡ» ብላችሁ ስበኩ አልልም፤ ይህ የእናንተ ድርሻ አይደለም፤ የሚሰማችሁም አይኖርም። የእናንተ ድርሻ የሆነ ግን ሌላ ነገር አለ።

ቅድም በነገርኋችሁ መዝገብ የተደገነው ጠመንጃ የዘራፊው አልነበረም። ከአጎቱ የተዋሰው ነበር። አጎትየው የከበረ ሰው ነው፤ ልጁ «ለሰርግ ነው» ሲለው ሰጠው። ስለ ሰርግ ስንናገር፦ ለሰርግ፣ ለለቅሶና ለበዓል የሚተኮሰው ጥይት ተመልሶ ምድር ላይ እንደሚወድቅ ብዙ ሰው አያስብም። በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ መተኮስን ሰበካ ጉባኤ በራሱ ሥልጣን ሊከለክል ይችላል፤ ይህን ለማድረግ ከማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። «ጠመንጃ አታውሱ» የሚለው ቃልም ከምሽት ጉባኤ ስብከት መካከል አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ አጎቶች ደግሞ ይሰሙታል።

የራሳችንንም ደጅ እንይ። ንዋያተ ቅድሳት እየተሰረቁ ከአገር የሚወጡበት ዘመን ስለሆነ አድባራት የታጠቀ ጥበቃ መቅጠራቸው አይነቀፍም። ይሁን እንጂ የጥበቃው ጠመንጃ በማን ስም ተመዝግቧል? ጥበቃው ሥራ ሲለቅ መሣሪያውን ይዞት ይሄዳል ወይስ ያስረክባል? ጥይቱን ማን ይቆጥራል? በዕቃ ቤት «ለጊዜው አስቀምጡልኝ» ተብሎ የቆየ የሰው መሣሪያስ አለ? ይህን ጠይቃችሁ መልስ ያጣችሁ አጥቢያዎች ካላችሁ፣ ወደ ቀበሌው ከመሄዳችሁ በፊት ከዕቃ ቤቱ ጀምሩ።

ስለ ዕፅ አሳጥሬ ልናገር አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ደብረ ብርሃን ላይ ቆሞ ስለ ሱስ እየተናገረ ስለ አረቄ ዝም የሚል ሰው አድማጮቹን ንቋል። አረቄ ብዙ ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ያስተማረችበት ሙያ ነው፤ የአጥቢያውንም መባ በከፊል የሚያስገባው እርሱ ነው። በፖሊስ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ እንዲጠፋም የምጠይቅ አይደለሁም። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ለፋብሪካ ሥራ ከገጠር ወደ ከተማችን የመጣው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ደመወዙን የት እንደሚያደርሰው ሁላችንም እናያለን። አረቄ የምታወጣውን እናት በስሟ ጠርቶ፣ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግራት ፖሊስ አይደለም፤ የነፍስ አባቷ ነው።

ጫት በሕግ አልተከለከለም። ካናቢስና ሌሎች አደንዛዥ ዕፆች ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስቀጣሉ፤ የሚያመርተውና የሚነግደው ቅጣቱ የከበደ ነው። ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዕፁን በሕፃን እጅ ያስልካሉ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በሕጋችን እንደ አዋቂ አይቀጡም፤ ጉዳያቸው የሚታየውም በተለየ ሥነ ሥርዓት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ልጅ ድንገት መቅረት ሲጀምር፣ ምንጩ ያልታወቀ ስልክና ጫማ ሲይዝ፣ ይህን ቀድማ የምታየው መምህርቱ ናት። ያየችውን ለወላጅ ትናገር፤ ሻጩ ከታወቀ ደግሞ ስለ ሻጩ ለፖሊስ ይጠቆም። ልጁንና ሻጩን በአንድ ዓይን ማየት ልጁን ለሻጩ አሳልፎ መስጠት ነው።

በሱስ የተያዘ ወጣት ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል መሄዱን ወላጆች ይወዳሉ። መልካም ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ «ጸበሉ ይበቃል» ብለው መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጽ ተናግረው ብዙ ነፍስ አዳኑ። ለሱስም እንዲሁ ነው። ለዓመታት የጠጣ ሰው መጠጡን በአንድ ቀን ሲያቆም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላልና በጸበሉ ቦታ ያሉ አባቶች ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ጋር ይመካከሩ።

አሁን ፖሊስን የሚመለከት ከባድ ነገር ልናገር። ወንጀል ሲበዛ የሚመጣው የመጀመሪያው ሐሳብ ጅምላ አፈሳ ነው። ሌሊት ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ወጣት ሆኖ የተገኘውን ይሰበስባሉ። ሕዝቡም በመጀመሪያው ሳምንት ያጨበጭባል። የተያዙት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ስላለባቸው፣ በአብዛኛዎቹ ላይም ምንም ማስረጃ ስለሌለ፣ ይለቀቃሉ፤ ከእውነተኛው ዘራፊ ጋር በአንድ ክፍል አድረውና ተዋውቀው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ለፖሊስ ጥቆማ የሚሰጥ ወጣት አይገኝም። በከተማችን ደግሞ ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን አሉ። ስርቆት በተፈጸመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ መጠለያው ነው። መጠለያውን መጠርጠር ቀላል ነው፤ የአገሩን ልጅ መጠርጠር ግን ሽማግሌ ያስልካል።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ብጠቅስ ይረዳል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ ቤተ ክርስቲያን የቀብር ጸሎት ላይ እርስ በርስ የሚጋደሉ የወጣት ቡድኖች ጠባቸውን እስከ ውስጥ ይዘው ገቡ። ሰው በጸሎት ላይ ተወጋ። የከተማው ጥቁር ፓስተሮች ከዚያ በኋላ ተሰባስበው ሌሊት ሌሊት በመንገድ እየተዘዋወሩ ወጣቶቹን ማነጋገር ጀመሩ። ቀድሞ ከፖሊስ ጋር ይወቃቀሱ ነበር፤ ፖሊስ ያገኘውን ጥቁር ወጣት ሁሉ እያስቆመ ይፈትሽ ነበርና። በኋላ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፦ የሚገድሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂቶቹንም ሁሉም ያውቃቸዋል። ከ1996 ጀምሮ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የማኅበራዊ ሥራ ሰዎች እነዚህን ጥቂቶች በስም ጠርተው «ግድያው ይቁም፤ ካልቆመ ሕጉ በሙሉ ክብደቱ ይወርድባችኋል፤ መውጣት የሚፈልግ ካለ ግን ሥራና ትምህርት አለ» አሏቸው። የወጣቶች ግድያ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሥራው ሲዳከም ደግሞ ግድያው እንደገና ጨመረ። ቦስተን አንኮበር አይደለችም። ጥቂቶች ናቸው የሚለው ግን እዚህም እውነት ነው፤ እናንተም በስም ታውቋቸዋላችሁ።

ፓስተሮቹ ከፖሊስ ጋር ሲሠሩ ፖሊስን መገሠጽ አልተዉም። ይህንንም ለእናንተ እመኛለሁ። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት አንድ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ላይ አለ፤ የተያዘ ሰው ከቤተ ሰቡ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ሌላ በሃይማኖት አማካሪው የመጎብኘት መብት አለው። ካህን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ የሚሄደው በልመና አይደለም ማለት ነው። መስቀሉን ይዞ ገብቶ የተያዘውን ልጅ ቢያየው፣ ቢመክረው፣ ተደብድቦ እንደሆነም ቢጠይቀው መልካም ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል በአንቀጽ 19 መሠረት በማስረጃነት ስለማይቀርብ፣ ዱላ የተከሳሽን መብት ብቻ ሳይሆን የዐቃቤ ሕግንም መዝገብ ይሰብራል። በየሳምንቱ አንድ ካህን የሚጎበኘው ጣቢያ በርእሰ መስተዳድር ከሚጎበኘው ጣቢያ የተሻለ ንጹሕ ይሆናል፤ ባለሥልጣን ሲመጣ አስቀድሞ ይታወቃልና።

ሸሽቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰውም ያጋጥማችኋል። ደወል ደውሎ የተማጸነን ሰው አለማስነካት የቆየ ሥርዓታችን ነው። ሥርዓቱ ሰውዬው በቁጣ እንዳይገደል ጊዜ ይገዛለት ነበር፤ ከዳኛ አላመለጠውም። ዛሬም አስተዳዳሪው ከቅጽሩ በር ቆመው፣ ምስክር ባለበት፣ ያለ ድብደባ እንዲወሰድ አድርገው ቢያስረክቡት፣ በሁለተኛውም ቀን ፍርድ ቤት መቅረቡን ቢከታተሉ ሥርዓቱን ጠበቁት እንጂ አላፈረሱትም።

የመጨረሻው ነገር ተራ የሚመስል ነው፤ ከሁሉ በላይ መዝገብ የሚዘጋው ግን እርሱ ነው። ከባድ ወንጀል የሚታየው በደብረ ብርሃን ባለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎረቤላ ለመድረስ ደግሞ ከቆላው ቀበሌዎች የሚነሣ ገበሬ በሌሊት ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል። ደርሶ «ዳኛ አልተሟላም፣ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ይባላል። ሁለተኛው ቀጠሮ በአጨዳ ወይም በውቂያ ወራት ይውላል። ሦስተኛው ላይ ገበሬው አይመጣም፤ ፈርቶ ሳይሆን ደክሞ። ፍርድ ቤት ቀጠሮን እንዲያከብር ማሳሰብ የእኛ የሕግ ሰዎች ዕዳ ነው። የገበሬው ከብት በዚያ ቀን ማን ይጠብቅለታል፣ የመኪናው ሂሳብ ከየት ይመጣል፣ ከተማ ቢያድር በማን ቤት ያድራል የሚለው ግን ሰበካ ጉባኤ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነው። ለክብረ በዓል እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች በደብረ ብርሃን አድባራት ዙሪያ አሉ። አንኮበርና አሊዩ አምባ አካባቢ ደግሞ ከአርጎባ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ገበያ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ዘራፊ ነው ያለን፤ የመስጊዱም ሽማግሌዎች ይጠየቁ፤ በመኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ምስክሮች ከሁለቱም ወገን ናቸው።

የምስክሮችን ስም በወረቀት አትጻፉ፣ በቃለ ጉባኤም አታስገቡ። አስተዳዳሪውና አንድ የታመነ ሰው በአፍ ቢያውቁት ይበቃል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለችሎት ቀጠሮ መጓጓዣ» ተብሎ የወጣው ብር ብቻ ይጻፍ።